ውኃውን አስቀድሞ መሳል፦ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የብስክሌት ጉዞ ዕቅድ ማስታወሻ

ታኅሣሥ

ከየት ተነስተን የት እንደምንገባ ተወስኗል። መነሻችን ሞንትሮ ነው፣ በጄኔቫ ሐይቅ ምሥራቃዊ ጫፍ፤ መድረሻችን ሮርሻኽ፣ በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር። ሁለቱም ስዊዘርላንድ ውስጥ ናቸው። በመካከላቸው "የሐይቆች መንገድ" የሚባል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምልክት የተተከለለት የብስክሌት መስመር አለ፤ ቁጥሩ 9፣ ርዝመቱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር። ሰሌዳዎቹ ቀይ ናቸው። ባለ አንድ አኃዝ ቁጥር አገር አቀፍ መስመር ነው፣ ባለ ሁለት ክልላዊ፣ ባለ ሦስት ደግሞ የአካባቢ። ይህን ያወቀ ሰው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ትቶ መንዳት ይችላል።

እኛ ግን መሀሉን ልንለውጠው ነው። መስመር 9 ከብሪየንዝ ሐይቅ ወደ ሉሰርን የሚሻገረው በብሩኒግ የተራራ መተላለፊያ ነው፣ 1,008 ሜትር ላይ። የሚናቅ ዳገት አይደለም፤ ነገር ግን ትልልቆቹን ተራሮች ከታች ሆኖ ቀና ብሎ አይቶ ማለፍ ነው። ስለዚህ ማይሪንገን ላይ ከመስመሩ ወጥተን ግሪምዘልን (2,164 ሜትር) እና ፉርካን (2,429 ሜትር) እንሻገራለን፤ ከዚያ አንደርማት ወርደን የሮይስን ወንዝ ተከትለን ሉሰርን ላይ መስመሩን መልሰን እንይዛለን። እስካሁን ያለው ሐሳብ ይህ ነው።

የምንሄደው ሁለት ነን፤ እኔና የአክስቴ ልጅ። ዳገት ላይ ከእኔ ትበልጣለች፤ ዕቅድ ላይ ግን ትዕግሥት የላትም። "ቀኑን ንገረኝና ልምጣ" ነው ያለችኝ።

ቀኑ ነሐሴ መገባደጃ ላይ ይጀምርና ጳጉሜን ላይ ያልቃል። ከፍተኛዎቹ መተላለፊያዎች ክረምቱን በበረዶ ተዘግተው ይከርሙና አብዛኛውን ጊዜ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መካከል ይከፈታሉ። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ያመቻል፤ ግን ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ነጎድጓድ ተራራ ላይ አያድርስ ነው፤ የመኪናውና የሞተር ሳይክሉ ብዛትም ያስመርራል። በጳጉሜን አካባቢ መንገዱ ክፍት ነው፣ ትራፊኩ ቀለል ይላል፣ ቀኑም ገና 13 ሰዓት ያህል ብርሃን አለው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ይነጋል፣ ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ይመሻል። በዚህ ወቅትም ቢሆን ላይኛው ክፍል ላይ በረዶ ጥሎ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ለዚያ የሚሆን ቀዳዳ ዕቅዱ ውስጥ መኖር አለበት።

ታኅሣሥ መጨረሻ

ካርታ ላይ መንገድ መሳል ከመጀመሬ በፊት ባዶ ወረቀት ላይ ውኃውን ብቻ ሳልኩ። ሐይቆቹን በሰማያዊ ክብ፣ ወንዞቹን በሰማያዊ መስመር። መንገድ የለም፣ ከተማ የለም። በተራራና ሐይቅ አገር ከዚህ የሚበልጥ መጀመሪያ አላውቅም፤ ምክንያቱን ልጻፈው።

አሬ ወንዝ ከግሪምዘል ሥር ይነሳል፤ ብሪየንዝ ሐይቅ ይገባል፣ ወጥቶ ቱን ሐይቅ ይገባል፣ በመጨረሻ ከራይን ይቀላቀላል። ሮን ከፉርካ በስተ ምዕራብ ካለው ግግር በረዶ ይወጣና ግሌች የምትባለውን ቦታ አልፎ ረጅሙን የቫሌ ሸለቆ ወርዶ ጄኔቫ ሐይቅ ይገባል። ሮይስ ከፉርካ ምሥራቅና ከጎታርድ ይመጣል፤ በአንደርማት አድርጎ ሉሰርን ሐይቅ ይገባል። ሳኔ በግሽታድ አካባቢ አልፎ ወደ ሰሜን ይወርድና እሱም አሬን ይቀላቀላል።

አሁን ደንቡ ይታያል። ሁለት ሐይቆችን አንድ ወንዝ ካገናኛቸው በመካከላቸው ዳገት የለም ማለት ይቻላል። ብሪየንዝ ሐይቅ 564 ሜትር ላይ ነው፣ ቱን 558 ላይ፤ በመካከላቸው አሬ አለ፣ ልዩነቱ 6 ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱ ሐይቆች የተለያየ ወንዝ ካላቸው ግን የግድ አንድ የተራራ ጀርባ ትሻገራለህ፤ የቀረው ጥያቄ ጀርባው ምን ያህል ዝቅ ይላል የሚለው ብቻ ነው።

ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ትልቁን የውኃ ወሰን አሰመርኩ። ከወሰኑ ወዲህ ያለው ውኃ በሮን አድርጎ ሜዲትራንያን ይገባል፤ ከወዲያ ያለው በራይን አድርጎ ሰሜን ባሕር። የእኛ መንገድ ይህን ወሰን ሦስት ጊዜ ይቆርጠዋል። መጀመሪያ ከሞንትሮ ተነስተን ወደ ሳኔ ሸለቆ ስንወጣ፣ ሁለተኛ ግሪምዘል ላይ ከአሬ ወደ ሮን ስንመለስ፣ ሦስተኛ ፉርካ ላይ ከሮን ወደ ሮይስ ስንሻገር። ግሌች ላይ ጠርሙሳችንን ብንደፋው ውኃው ከቀናት በፊት ወደተነሳንበት ሐይቅ ነው የሚሄደው። የአክስቴ ልጅ ወረቀቱን አይታ "ዞሮ ዞሮ እዚያው ከሆነ ለምን እንለፋለን?" አለች።

ከሦስቱ ሌላ በራይኑ ወገን ውስጥ ትናንሾቹ አሉ። ዛነንሞዘር፣ 1,279 ሜትር፣ የሳኔንና የሲመን ወንዞች ይለያል። ከሉሰርን በኋላ ደግሞ ከዙግ ሐይቅ (413 ሜትር) ወደ ዙሪክ ሐይቅ (406 ሜትር)፣ ከዚያም ወደ ኮንስታንስ (395 ሜትር) ይኬዳል። የሐይቆቹን ከፍታ ብቻ ያየ ሰው "ሜዳ ነው" ይላል። ወንዞቹን ያየ ግን በመካከል ኮረብታ እንዳለ ያውቃል።

ጥር

መንገዱን ኮምፒውተር ላይ ሳልኩት። ያው የተለመደው ጣጣ መጣ፦ አንዱን መንገድ ለሁለት ፕሮግራም ሰጥቼ የዳገት ድምሩን ስጠይቅ ልዩነቱ የግማሽ ቀን ሥራ ያህላል።

ምክንያቱን ለማየት ከፍሉለን እስከ ብሩነን ያለውን ቁራጭ አጉልቼ አየሁት። ይህ መንገድ አክሰንሽትራሰ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1865 የተሠራ ሲሆን ከሉሰርን ሐይቅ ደቡባዊ ክንድ በላይ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በዋሻ እየገባ እየወጣ ይሄዳል። አንደኛው ፕሮግራም ያወጣው የከፍታ ሥዕል ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ ይመስላል፤ ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ደግሞ ሽቅብ። መንገዱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ፕሮግራሙ የሚጠቀመው እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካውን የዓለም ከፍታ ነው፤ በዚያ ልኬት አንዱ ነጥብ ከሚቀጥለው ነጥብ 30 ሜትር ያህል ይርቃል። ገደል ላይ 30 ሜትር ወደ ጎን መሳት ማለት መንገዱን ትቶ ቋጥኙን መለካት ነው። ዋሻ ሲሆን ይብሳል፤ መንገዱ በተራራው ሆድ ውስጥ ሲያልፍ ፕሮግራሙ ከላይ ያለውን አናት ይቆጥርልሃል። በድልድይ ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ወርደህ የወጣህ ያስመስለዋል።

ለስዊዘርላንድ መፍትሔው ቀላል ነው። የፌዴራሉ የካርታ መሥሪያ ቤት ስዊስቶፖ በግማሽ ሜትር ርቀት የተለካ የመሬት ከፍታ አለው፤ ከእ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ጀምሮም በነፃ ይገኛል። ዋሻውን ግን እሱም ቢሆን አያውቅልህም። ስለዚህ ዋሻና ድልድይ ያለበትን ቁራጭ በእጅ አስተካከልኩ፤ መግቢያና መውጫውን ከፍታ ወስዶ በቀጥታ መስመር ማገናኘት ነው። ለሌላ አገር የሚያቅድ ሰው የዳገት ድምሩን እንደ ግምት ይያዘው፤ የታችኛውንና የላይኛውን ከፍታ ከወረቀት ካርታ ላይ አንብቦ ልዩነቱን መውሰድ ከማንኛውም ድምር የበለጠ ይታመናል። ለረጅም ወጥ ዳገት ይህ ብቻውን ይበቃል።

ከፍታ ሲነሳ አንድ የካርታ ወጥመድ። ከማይሪንገን (595 ሜትር) እስከ ኢነርትኪርኸን (625 ሜትር) ልዩነቱ 30 ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱም አሬ ዳር ናቸው፣ በእኔው ደንብ ዳገት ሊኖር አይገባም። ግን ወንዙ በጠባብ የድንጋይ መሰንጠቂያ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ መንገዱ እዚያ ስለማይገባ ኪርኸት የሚባለውን ጉብታ ይወጣል፣ ወደ 110 ሜትር። ከትልቁ ዳገት በፊት እግር ማሟሻ ነው እንበል።

ጥር መጨረሻ

የጊዜ ሂሳብ። ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ቀን የሚከፋፍል ዕቅድ ሜዳ ላይ ይሠራል፤ እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ከኃይል ጀመርኩ።

እኔ፣ ብስክሌቱና ዕቃው አንድ ላይ ወደ 105 ኪሎ ነን። ይህን 1,000 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት 1.03 ሜጋ ጁል ይፈጃል፤ ስበትን ለማሸነፍ ብቻ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሳልቃጠል ልይዘው የምችለው ጉልበት 140 ዋት ነው ብዬ ብነሳ፣ ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይወጣዋል። የጎማው መንከባለል፣ የሰንሰለቱ ብክነትና ትንሽ ነፋስ ሲጨመሩበት 2 ሰዓት ከ20 ይሆናል። ለእኔ ደንቡ ይኸው ነው፦ በ1,000 ሜትር ዳገት 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ እረፍት ሳይቆጠር።

ከኢነርትኪርኸን ግሪምዘል 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው 1,540 ሜትር። በደንቡ 3 ሰዓት ተኩል አልፎ የፔዳል ሥራ፣ ከእረፍት ጋር 5 ሰዓት። ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር! ሜዳ ላይ የአንድ ሰዓት ተኩል ነገር ነው።

ሂሳቡ ሌላም ነገር አወጣ። አንድ ኪሎ ዕቃ በ1,000 ሜትር ዳገት ላይ የሚያስከፍለው 70 ሰከንድ ነው። አምስት ኪሎ ብቀንስ ግሪምዘል ላይ የማተርፈው 9 ደቂቃ ነው። ሰዎች የጥርስ ብሩሽ እጀታ እስከመቁረጥ ሲደርሱ እሰማለሁ። ዝናብ ልብስና ወፍራም ጓንት ለ9 ደቂቃ ብሎ ትቶ የሚሄድ ሰው ግን ከፉርካ ቁልቁል ሲወርድ ያገኘዋል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ከማይሪንገን እስከ ፉርካ አናት ያለው ልዩነት 12 ዲግሪ ነው። በዚያ ላይ ላብ ያራሰው ልብስና የቁልቁለቱ ነፋስ አለ። ጓንቱ ይሄዳል።

የካቲት

ማርሽ። በክብደት ጉዳይ የሚያልቀው ወሬ ሁሉ ማርሽ ላይ መዋል ነበረበት።

ስሌቱ ለ8 በመቶ ዳገት ነው፤ እነዚህ መንገዶች በአማካይ 6 በመቶ አካባቢ ቢሆኑም 8 እና 9 የሚሆን ቁራጭ አያጡም። ያለኝ ማርሽ ፊት ባለ 30 ጥርስ፣ ኋላ ትልቁ ባለ 36 ነው። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ባዞር በሰዓት 6.6 ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ፤ ለዚህ የሚያስፈልገኝ ጉልበት ወደ 165 ዋት ነው። የቀኑ አቅሜ 140 ነው ብያለሁ። ስለዚህ በዚህ ማርሽ ወይ ከአቅሜ በላይ እገፋለሁ ወይ ፔዳሉን በጣም አዘግይቼ ጉልበቴን እጎዳለሁ። ፊቱን ወደ 26 ብቀይረው 5.7 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ወደ 145 ዋት። ወደ 22 ብወርድ 4.8 ኪሎ ሜትርና 120 ዋት ገደማ።

ከ5 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን ጭነት ያለው ብስክሌት ሚዛኑን ለመጠበቅ ያስቸግራል፣ መሪው ይወላገዳል። ሃያ ስድስት ገዛሁ። ሜዳ ላይ ከፍተኛው ፍጥነቴ ይቀንሳል፤ ይቀንስ። ቁልቁለት ላይ ፔዳል የሚመታ የጉዞ ብስክሌተኛ ምን እንደሚያሳድደው አይገባኝም።

ጎማው ሰፊ ነው የሚሆነው፣ 40 ሚሊ ሜትር። በብሪየንዝ ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ጠጠር አለ፤ ደግሞም በካርታው ላይ ሐይቁን ታክኮ የሚሄድ የሚመስለው መንገድ ጊስባኽ ፏፏቴ አካባቢ ሽቅብ ይወጣል። "የሐይቅ ዳር መንገድ ሜዳ ነው" የሚለው ነገር ሐይቁ ዳር ረግረግ ወይም ደልዳላ ሜዳ ካለ ብቻ እውነት ነው። ተራራው ውኃ ውስጥ ገደል ሆኖ የሚገባበት ሐይቅ ላይ መንገድ ሠሪው ሁለት ምርጫ ነበረው፦ መቦርቦር ወይም መውጣት። ለመኪናው ቦርቡረውለታል። ብስክሌቱ ይወጣል።

መጋቢት

ለዚህ ወር ሥራ ስም አውጥቼለታለሁ፦ መውጫ በር ፍለጋ። የት እንደምናድር ከመወሰኔ በፊት የት የት ላይ ጉዞውን ማቋረጥ ወይም ማሳጠር እንደሚቻል ወረቀቱ ላይ በአረንጓዴ ምልክት አደረግኩ። ባቡር ጣቢያ፣ የጀልባ ማቆሚያ፣ ወደ ኋላ መመለሻ የመጨረሻ መንደር።

አብዛኛው መንገድ በበር የተሞላ ነው። ከሞንትሮ በግሽታድ አድርጎ ሽቫይዚመን ድረስ ባቡር አለ፤ ከሽቫይዚመን ሽፒትስም እንዲሁ። ከኢንተርላከን በማይሪንገንና በብሩኒግ አድርጎ ሉሰርን የሚገባ ባቡር አለ፤ ላይኛው በረዶ ከጣለ ማይሪንገን ላይ ዕቅዱን ሰርዘን በብሩኒግ እንሻገራለን፣ የጠፋ ነገር የለም። ሐይቆቹ ላይ ጀልባዎች ይመላለሳሉ፣ ቦታ ካለ ብስክሌት ይጭናሉ። አክሰንሽትራሰን በጀልባ ነው የምናልፈው፤ ጠባብ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ በድንጋይ ናዳም ደጋግሞ ተዘግቷል። ከፍሉለን ጀልባ ላይ ወጥተን ብሩነን ወይም እስከ ሉሰርን መሄድ እንችላለን። ይህን ሽንፈት የሚል ሰው ይበል፤ እኔ ሐይቅን ከውኃው ላይ ሆኖ ማየት የጉዞው አካል ነው ባይ ነኝ።

በር የሌለው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፦ ከኢነርትኪርኸን ግሪምዘልን ተሻግሮ እስከ ኦበርቫልድ፣ 38 ኪሎ ሜትር ገደማ። መደበኛ ባቡር የለም። በሰሜኑ በኩል የመጨረሻዋ መንደር ጉታነን ናት፣ 1,057 ሜትር ላይ። ከእሷ በላይ ያለው ግድብ፣ ቋጥኝና መንገድ ነው። ስለዚህ የሰማዩን ነገር ጉታነን ላይ ቆመን እንወስናለን፤ ከዚያ በኋላ መመለስም መቀጠልም እኩል ከባድ ነው።

ትልቁ ክርክር ከግሪምዘል በኋላ የት እናድራለን የሚለው ነበር። ከአናቱ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደህ ግሌች ትደርሳለህ፣ 1,757 ሜትር። እዚያ መንገዱ ይከፈላል፤ ወደ ግራ ፉርካ፣ 672 ሜትር ሽቅብ፤ ወደ ቀኝ ኦበርቫልድ፣ 390 ሜትር ቁልቁል። የአክስቴ ልጅ ሐሳብ በዚያው ቀን ፉርካን መጨረስ ነው። በሰዓት ሲታይ ይቻላል። ከማይሪንገን ጠዋት 2 ሰዓት ብንነሳ 8 ሰዓት ላይ ግሌች እንደርሳለን፣ 10 ሰዓት ገደማ ፉርካ፣ ሳይመሽ አንደርማት። ግን ኪርኸት ሲጨመር የቀኑ ዳገት 2,300 ሜትር አልፎ ይሄዳል። ከዚያ ላይ ደክሞን የምንወርደው ቁልቁለት የቀኑ ረጅሙ ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ ግሪምዘል አናት ላይ ማደር ነው፤ በማግስቱ የሚቀረን 672 ሜትር ብቻ ይሆናል። ማራኪ ነው። ሌሊቱን ቢዘንብስ? ወይ በረዶ ላይ እንወርዳለን ወይ ቁጭ እንላለን።

ሦስተኛው ኦበርቫልድ ወርዶ ማደር። "የወጣነውን ዳገት መልሰን ልንጥለው?" አለች። አዎ፣ 390 ሜትር እንጥላለን፤ በማግስቱ መልሶ ለመውጣት 55 ደቂቃ ገደማ ያስከፍለናል። በምላሹ የምናገኘው ምንድን ነው? ኦበርቫልድ የፉርካ የባቡር ዋሻ መግቢያ ናት። ዋሻው እ.ኤ.አ. በ1982 የተከፈተ ነው፤ 15.4 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፣ ወዲያ ማዶ ሬያልፕ ላይ ይወጣል። ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ጠዋት መስኮት ከፍተን ሰማዩ ከጠራ 1,061 ሜትር እንወጣለን፤ ካልጠራ ብስክሌቶቹን ባቡር ላይ ጭነን ከተራራው ሥር እናልፋለን፣ ዕቅዱም አንድ ቀን አይዛነፍም። ሃምሳ አምስት ደቂቃ ለዚህ ዓይነት ነፃነት ርካሽ ነው።

ተስማማች፤ ግን ሰማዩ ከጠራ እኔን ፉርካ ላይ እንደማትጠብቀኝ አስጠንቅቃለች።

አንድ ትንሽ ነገር፦ በረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ በሞቃቱ ወራት ለብስክሌት ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ግዴታ ነው። ለመመለሻው ይህን አንርሳ።

ሚያዝያ

ነፋስ። ከፍታውን አስልቶ ነፋሱን የተወ ዕቅድ ግማሽ ነው።

ሸለቆዎቹ ውስጥ ጥሩ ቀን ከሆነ ፀሐይ ቋጥኙን ታሞቀዋለች፤ ሞቃቱ አየር ሽቅብ ይወጣና ከታች ከሐይቁ ወገን አየር እየሳበ ያመጣል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነፍሰው፣ ሌሊት ይገለበጣል። ይህ ለእኛ ሁለት ትርጉም አለው። ወደ ግሪምዘል ስንወጣ ታችኛው ሸለቆ ላይ ነፋሱ ከኋላ ሊያግዘን ይችላል። ከአንደርማት ወደ ፍሉለን ስንወርድ ግን ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። ያ ቀን ወረቀት ላይ የጉዞው ቀላሉ ቀን ነበር፤ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ፣ 1,000 ሜትር ቁልቁል። የላይኛው ክፍል በእርግጥ ያወርድሃል፤ ሸለቆው ከሰፋ በኋላ ግን ቁልቁለቱ ልስልስ ይላል፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ይበረታል፤ በትናንሽ ቁልቁለት ላይ ፔዳል መምታት ይመጣል። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት በጊዜ ተነስተን ከቀትር በፊት ጀልባው ጋ መድረስ ነው ዕቅዱ።

ፎን የሚባለው የደቡብ ነፋስ ሌላ ነገር ነው። ተራራውን ተሻግሮ ሲወርድ ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ በሮይስ ሸለቆና በማይሪንገን አካባቢ በኃይል ይነፍሳል። እ.ኤ.አ. በ1861 የግላሩስን ከተማ ያወደመውን እሳት ያስፋፋው እሱ ነው። ፎን ሲነፍስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ተራራው የቀረበ ይመስላል፤ የሚያታልለው ይህ ነው። በስተደቡብ በኩል ሰማዩ በደመና ግድግዳ ከተዘጋ ያን ቀን አናት ላይ መውጣት አይታሰብም።

ለዚህ ሁሉ ነፃ ረዳት አለ። የስዊዝ ሐይቆች ዳር ለጀልባ ነጂዎች የተተከሉ ብርቱካንማ የማስጠንቀቂያ መብራቶች አሉ። በደቂቃ 40 ጊዜ ብልጭ ካሉ ብርቱ ነፋስ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው፤ 90 ጊዜ ከሆነ ማዕበል። ብስክሌተኞች ሲያነሷቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ከሩቅ ይታያሉ፣ ቋንቋ አይጠይቁም፣ የስልክ ኔትወርክም አያስፈልጋቸውም። የሐይቁ ነፋስ ወዲያው የመንገዱ ነፋስ ነው።

ግንቦት

ሙሉ ጭነት አድርጌ ወጣሁ። የጎን ቦርሳዎቹ ኋላ ሁለት፣ ፊት ሁለት፤ ከባዱ ነገር ታች። ሁሉንም ኋላ ስጭነው ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀላል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ መሪው ይንቀጠቀጣል። ድንኳኑን ወደ ፊት ባመጣሁት ጊዜ መንቀጥቀጡ ጠፋ። ሌላ የሚጻፍ የለውም።

ፍሬኑ ግን ይጻፍ። ከፉርካ እስከ ሬያልፕ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 890 ሜትር ቁልቁል። ያ ሁሉ ወጥቶ የተጠራቀመ ጉልበት፣ ከ0.9 ሜጋ ጁል በላይ፣ አየሩ ከሚወስደው በቀር ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ነው የሚያልቀው። ፍሬንን ሳይለቁ ይዞ መውረድ ዲስኩን ያግለዋል፣ መያዙም ይቀንሳል። በቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ጎማውን እስከማፈንዳት ይደርሳል። ቀጥ ያለው ላይ መልቀቅ፣ ኩርባው ከመድረሱ በፊት ጠንከር አድርጎ መያዝና ኩርባው ውስጥ መልቀቅ፤ ቀዝቃዛው አየር በመካከል ሥራውን ይሠራል። የእኔ የፍሬን ሸራ ግማሹ አልቋል። አዲስ ይገባለታል፣ አንድ ጥንድ መለዋወጫም ቦርሳ ውስጥ ይሄዳል።

መብራት ለሁለታችንም፣ ፊትና ኋላ፣ ቀንም ይበራል። ግሪምዘል ላይ ዋሻዎች አሉ፤ አንዳንዱ ጋ ብስክሌት በአሮጌው መንገድ ነው የሚዞረው፣ ሰሌዳውን ማየት ነው። አሮጌው መንገድ የተሻለ እይታም አለው።

ሰኔ

መተላለፊያዎቹ እየተከፈቱ ነው። የቀናቱን አቀማመጥ አንድ ጊዜ አዟዟርኩት፤ ግሪምዘልና ፉርካ ቅዳሜና እሑድ ላይ ወድቀው ነበር። በእነዚያ ቀናት የሞተር ሳይክሉ ጩኸት በየኩርባው ነው። አሁን ማክሰኞና ረቡዕ ሆነዋል። እሑድ ደግሞ ከሉሰርን በኋላ ባለው ኮረብታማ አገር ላይ ወድቃለች፤ አብዛኛው ሱቅ ስለሚዘጋ ቅዳሜ ማታ የሁለት ቀን ስንቅ መያዝ አለበት።

የሉሰርን–ሮርሻኽ ክፍል በመስመር 9 ምልክት ብቻ ይሄዳል፣ ምንም አልነካካሁትም። እዚያ የዳገቱ ድምር ትንሽ ትንሽ እየሆነ ይከማቻል፤ ቀኖቹን አጠር አድርጌያቸዋለሁ።

መሪው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ጻፍኩ፣ የውሳኔ ቦታዎች ብቻ። ማይሪንገን፦ ላይኛው ተዘግቷል ከተባለ በብሩኒግ። ጉታነን፦ ከ5 ሰዓት በኋላ ከደረስን ወይም ከደቡብ ደመና ከመጣ እንመለስ። ግሌች፦ ምንም ቢሆን ወደ ኦበርቫልድ። ኦበርቫልድ፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰማዩን አይቶ ፉርካ ወይም ባቡር። አንደርማት፦ 2 ሰዓት ላይ መነሳት። ሾለነን ገደል ላይ ከዘነበ እስከ ገሽነን ባቡር አለ። ፍሉለን፦ ጀልባ።

የአክስቴ ልጅ ከግሌች ጎን "ምንም ቢሆን" የሚለውን በእርሳስ ሰርዛ "ከ7 ሰዓት በፊት ካልደረስን" ብላ ተክታዋለች። ቀድመን ከደረስን ፉርካን በዚያው ቀን ልታስወጣኝ ነው። ተውኩላት፤ ከማይሪንገን 2 ሰዓት ተነስቶ 7 ሰዓት ላይ ግሌች መገኘት በእኔ 140 ዋት አይሆንም።

የቀረው፦ የመመለሻውን ባቡር የብስክሌት ቦታ መያዝ፣ የፍሬን ሸራ፣ ለእሷ ብስክሌት ደግሞ ባለ 26 ጥርስ ማፈላለግ።